ትምህርቱ ቢቀዳ ክፍሉ አይፈርስም፦ ለመምህሬ የተጻፈ ምላሽ

ጋሼ፣

ባለፈው ሳምንት ያወጡትን ጽሑፍ መጀመሪያ ያነበብኩት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነው፤ ማታ ደግሜ አነበብኩት። ላላነበቡት ሐሳቡን ባጭሩ ላስቀምጥ። በክፍል የሚሰጥ ትምህርት በቪዲዮ እየተቀዳና እየተቀናበረ ለተማሪ በኢንተርኔት መላኩ ይቅር ይላሉ። ምክንያት አድርገው የዘረዘሩት ስድስት ነገር ነው፦ ተማሪው ከክፍል ይቀራል፤ የቴሌቪዥን ትምህርቱን፣ ፕላዝማን፣ ሞክረን አይተነዋል፤ ኔትወርክና መብራት በማይታመንበት ቦታ የሚጠቀመው ጥሩ ስልክና ገንዘብ ያለው ብቻ ነው፤ ቅንብሩ ስቱዲዮና ባለሙያ ይጠይቃል፤ የመምህሩ ፊትና ድምፅ ተቆራርጦ መሳለቂያ ወይም መክሰሻ ይሆናል፤ ዕውቀት ደግሞ ከጥንትም ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ፊት ለፊት የሚተላለፍ ነው።

እኔ የእርስዎ ተማሪ ነበርኩ። ዛሬ እርስዎ ያስተማሩኝን ስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስ፣ ቁስ ጭነት ሲያርፍበት ምን እንደሚሆን የሚያጠናውን ትምህርት፣ ራሴ አስተምራለሁ፤ ትምህርቴን እየቀዳሁ ለተማሪዎቼ ማደል ከጀመርኩም ዓመታት ሆኑ። ጽሑፍዎ ውስጥ ስለ ወጣት መምህራን ያነሱት ነገር እኔንም ይመለከታልና ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከሁሉ የሚከብደው የኔትወርኩ ነጥብ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ይህን ያነሱት ያለ ምክንያት አይደለም። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያልፉ ምን እንደሆንን ሁላችንም እናውቃለን። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ከዚህ ተነሥተው በኢንተርኔት ላይ የተመሠረተ ነገር ሁሉ አሸዋ ላይ እንደተሠራ ቤት ነው ብለዋል።

እኔ ግን በዚያ ወቅት ያየሁት ሌላ ነው። ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ከተማሪው እጅ የጠፋው ዩቲዩብ ነው። አስቀድሞ ስልኩ ላይ ያወረደው ፋይል አልጠፋም። አንዱ ለሌላው በዜንደር ሲያሻግር፣ ዶርም ውስጥ ሜሞሪ ካርድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ ፍላሽ የሌለው ከጓደኛው ላፕቶፕ ላይ ሲገለብጥ ነው የከረሙት። ዜንደር ሁለት ስልኮችን በቅርብ ያገናኛል እንጂ ዳታ አይበላም፤ ካርድ መሙላትም አያስፈልግ። እንዲያውም ኢንተርኔት የማይታመንበት ቦታ ላይ ያለ ተማሪ ነው ትምህርቱን ኪሱ ውስጥ ይዞ መዞር ያለበት። ኔትወርኩ በመጣ ቀን አንድ ጊዜ ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ በእጅ ይዳረሳል። የሰማ ላልሰማ ያሰማ ይባል የለ?

ይህ የሚሆነው ግን ፋይሉ ትንሽ ከሆነ ነው። እዚህ ላይ እኛ የምንቀዳው ሰዎች ጥፋት አለብን፤ እርስዎ ያላነሱትን እኔ ላንሳው። ስልክን ሰሌዳው ፊት አቁሞ በሙሉ ጥራት መቅዳት በደቂቃ 100 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። የ50 ደቂቃ ትምህርት 5 ጊጋባይት ሆነ ማለት ነው። ይህን ማን ያወርዳል? ቴሌግራም እንኳ ያለ ክፍያ ለአንድ ፋይል የሚፈቅደው 2 ጊጋባይት ነው። ብዙ ፍላሽ የሚመጣበት ፋት 32 የሚባለው የፋይል አያያዝም ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነን ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ ተማሪው ፍላሹ ባዶ እያለ አልቀበልም ሲለው ግራ ይገባዋል። እንዲህ ያለ ቪዲዮ ለቆ «ለተማሪዎቼ አካፍያለሁ» ማለት፣ እርስዎ እንዳሉት፣ ለጥቂቶች ብቻ ማካፈል ነው።

ያው ትምህርት ሃንድብሬክ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ሲጨመቅ ሌላ ነገር ይሆናል። ሰሌዳ አይሮጥም፤ በሰከንድ 30 ምስል አያስፈልገውም፣ 10 ይበቃዋል። የምስሉን ቁመት ወደ 480 ፒክስል አወርዳለሁ፣ ድምፁን አንድ ቻናል አደርጋለሁ፤ 5 ጊጋባይቱ ወደ 130 ሜጋባይት ይወርዳል። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት አሁንም ይነበባል፣ በትልቁ እስከጻፍኩ ድረስ። ከዚያም አልፎ ድምፁን ብቻ በሴኮንድ 32 ኪሎቢት ካወጣሁት የ50 ደቂቃው ትምህርት 12 ሜጋባይት ነው። ከእሱ ጋር የሰሌዳውን አምስት ስድስት ፎቶ አያይዛለሁ። ብዙ ተማሪዎቼ የሚጠቀሙት ይህንን ነው፤ ቪዲዮውን የሚያወርዱት ጥቂቶች ናቸው። ያለኝ ልምድ የሚነግረኝ ተማሪው አጥብቆ የሚፈልገው ድምፁን መሆኑን ነው፤ ምስሉ ይከተላል።

ስለዚህ ስቱዲዮና ባለሙያ ይጠይቃል ያሉትም እዚሁ ይመለሳል። የመጀመሪያውን ዓመት ቅጂዬን ቢሰሙት ትክክል ነዎት ባልኩ ነበር። ደሴ ላይ በሐምሌ አንድ የማጠናከሪያ ትምህርት ቀድቼ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የእኔ ድምፅ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስል ነበር። ኮምቦልቻ ደግሞ ሙቀቱ ቬንቲሌተር ያስከፍታል። ከዚያ በኋላ የተማርኩት ነገር ቀላል ነው፦ ማይኩ ወደ አፍ መቅረብ አለበት። ሦስት ሜትር ርቆ ከቆመ ውድ ካሜራ ይልቅ፣ ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ልብስ ላይ የተሰካ ርካሽ ማይክ ይሻላል። ገመዱን ስልኬ ላይ ሰክቼ፣ ስልኩን ጥሪ እንዳይገባ ፍላይት ሞድ ላይ አድርጌ ጋዋኔ ኪስ ውስጥ እከተዋለሁ። ትምህርቱን ከመጀመሬ በፊት አምስት ሰከንድ ዝም እላለሁ። ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ያቺን ዝምታ ናሙና አድርጎ የቬንቲሌተሩን ድምፅ ከጠቅላላው ቅጂ ላይ ይቀንስልኛል። ዝናቡን ግን አይችለውም፤ ቬንቲሌተር አንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚያወጣው፣ ዝናብ በየሰከንዱ ይለዋወጣል። ዝናብ የጣለ ዕለት ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ዋናውን ሐሳብ በ15 ደቂቃ ደግሜ እቀዳዋለሁ።

ቅንብር የምለውም ይህን ያህል ነው። አቴንዳንስ የምጠራበትን እቆርጣለሁ፤ ሰሌዳ የማጠፋበትን፣ ፕሮጀክተር እስኪበራ የምንጠብቅበትን እቆርጣለሁ። የቀረውን በርዕስ በርዕሱ እከፋፍለዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ለአንድ ትምህርት ከሰዓት በላይ ይፈጅብኝ ነበር፣ አሁን ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ይህ ግማሽ ሰዓት ትርፍ ሰዓት ተብሎ የማይከፈልበት መሆኑ ያሳስብዎታል፤ እኔንም ያሳስበኛል። መምህሩ ከደመወዙ ማይክ እየገዛ፣ ከእንቅልፉ እየቀነሰ ይህን ይሥራ ብሎ መጠበቅ ልክ አይደለም። ግን መልሱ ሥራው የሥራ ጭነት ውስጥ ይቆጠር ማለት ነው እንጂ ሥራው ይቅር ማለት አይደለም።

ማን 50 ደቂቃ ቁጭ ብሎ ያያል ብለው የጠየቁትን እቀበላለሁ። ኤድኤክስ በሚባለው የኢንተርኔት ትምህርት ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ጥናት 6.9 ሚሊዮን የዕይታ ጊዜዎችን መርምሮ፣ የተመልካች ትኩረት ከስድስት ደቂቃ በማይበልጡ ቪዲዮዎች ላይ እንደሚበረታ አሳይቷል። ክፍል ውስጥ ተቀድቶ የተቆራረጠ ትምህርትም ታስቦበት ለቪዲዮ የተዘጋጀውን ያህል እንደማይስብ ይኸው ጥናት ይናገራል። ይህን አልሸሽም። የእኔ ተማሪ ግን አዲስ ትምህርት ፍለጋ አይደለም የሚከፍተው። ክፍል ውስጥ የሰማውን፣ ያመለጠችውን አንዲት ቦታ ፍለጋ ነው። ለዚያ ነው ፋይሎቹን «ክፍል 3» ብዬ ሳይሆን «ሺር ፎርስ ዲያግራም፣ ምልክቱ ለምን ይቀየራል» ብዬ የምሰይማቸው።

ወደ መጀመሪያው ነጥብዎ ልመለስ፣ ተማሪው ከክፍል ይቀራል ወዳሉት። አንድ ቦታ ላይ እውነት አለዎት፤ አንድ ሴክሽን ላይ ከበዓል በፊት ባለው ሳምንት «ቅጂው ይደርሰናል» ብለው የቀሩ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቅጂውን የምለቀው ትምህርቱ በተሰጠ በሦስተኛው ቀን ነው፣ ክፍል ውስጥ የምሠራትን አንዲት ጥያቄም አስቀርቼ። የቀሩት ጥቂቶቹም ተመለሱ። አብልጦ የሚሰማው ማን እንደሆነ ደግሞ ልንገርዎት፤ ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡት ናቸው፣ አንድም ቀን የማይቀሩት። ሁለተኛ ሲሰሙት ጥያቄያቸው ይለወጣል። «መምህር፣ አልገባኝም» ይሉ የነበሩት «መምህር፣ በ12ኛው ደቂቃ ላይ ሪአክሽኑን ወደ ላይ ወስደሽ ከዚያ ለምን ቀነስሽው?» ማለት ጀመሩ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ተማሪ ከክፍል የሸሸ ተማሪ አይደለም።

የሚቀሩትስ ለምን ይቀራሉ? የቅዳሜና እሁድ ተማሪዎቼን ያውቋቸዋል። ብዙዎቹ ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ውስጥ በሺፍት የሚሠሩ ናቸው። አንዱ በየሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜን ሙሉ ሥራ ላይ ነው፤ ፈቃድ ቢጠይቅ ከደመወዙ ይቆረጥበታል። ትምህርቱን የሚሰማው ከሥራ ወደ ቤቱ በእግሩ ሲሄድ ነው፣ አንድ ጆሮ ላይ ብቻ የሚሠራ የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ። አንዲቷ ወልዳ ሁለት ወር ቀርታለች፤ ቅጂው ባይኖር ኮርሱን ታቋርጥ ነበር። ዓርብ ከሰዓት ክፍል ሲመደብ ከጁምዓ የሚመለሱት የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ያጣሉ። እነዚህን ሁሉ «ለመቅረት ሰበብ የሚፈልጉ» ብሎ መጥራት ይከብደኛል ጋሼ። ያስተማሩኝ እንዲህ አልነበረም።

የመውጫ ፈተናም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ ፈተናውን ተቀምጦ 50 ከመቶ ማምጣት አለበት። የእኔን ትምህርት በሁለተኛ ዓመት ወስዶ በመጨረሻ ዓመቱ ይጠየቅበታል። በመሃል ያሉትን ዓመታት ምን ይሻገራል? የተቀደደ ደብተርና የተውሶ ሃንድአውት ነው። ዘንድሮ ከመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች የሚመጣልኝ መልእክት ከሁለተኛ ዓመቶቹ ይበልጣል፤ ሁሉም የሚሉት «የዚያን ጊዜውን ድምፅ አለሽ?» ነው።

ፕላዝማውን በሚመለከት ግን ፈጽሞ አልስማማም። እኔ የፕላዝማ ልጅ ነኝ። በ1997 ሲጀመር ገና አልደረስኩም ነበር፣ በዓመቱ ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ ደሴ ላይ እስከ 12 በእሱ ተምሬአለሁ። የፕላዝማ ችግሩ ቪዲዮ መሆኑ አልነበረም። ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት የሚመጣ፣ በማናውቀው አነጋገር በእንግሊዝኛ የሚሮጥ፣ የማይቆም ነገር መሆኑ ነው ችግሩ። መምህራችን ስክሪኑ አጠገብ ቆመው ሊያስረዱን አፋቸውን ሲከፍቱ ስክሪኑ ላይ የምታስተምረው ሴትዮ ወደሚቀጥለው አልፋለች። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ ጠፋ፤ ደሴ ላይ የጠፋብንን ሳተላይቱ አይደግምልንም። ፕላዝማ መምህሩን ከገዛ ክፍሉ አስወጣው። እኔ የምሠራው መምህሩን ራሱን፣ በገዛ ቋንቋውና በገዛ ምሳሌው፣ ተማሪው በፈለገበት ቦታ እንዲያስቆመውና እንዲመልሰው ማድረግ ነው። ፕላዝማ ያልነበረው «አቁም» የሚለው ቁልፍ ነው፤ የእኔ ተማሪ ከሁሉ አብዝቶ የሚጫነውም እሱን ነው።

ቋንቋ ካነሣሁ አይቀር፣ በጽሑፍዎ ዳር ዳሩን ብለው የተውት አንድ ነገር ያለ ይመስለኛል። ብዙዎቻችን መቀዳት የምንፈራው በአማርኛ ስለምናስረዳ ነው። መመሪያው እንግሊዝኛ ይላል፤ እኛ ትርጓሜውን በእንግሊዝኛ ጽፈን «እንግዲህ ምን ማለት ነው መሰላችሁ» ብለን በአማርኛ እንገባበታለን። ተማሪው የሚገባውም ያን ጊዜ ነው። ይህ የሚደበቅ ነውር አይደለም። ተማሪው ዩቲዩብ ላይ የሕንድ መምህራንን ያገኛል፣ የእኛ ለምን ያስፈልጋል ላሉትም መልሱ ይኸው ነው። የሕንዶቹን እኔም ለተማሪዎቼ እመክራለሁ። ግን እነሱስ ከየት መጡ? የሕንድ ታላላቅ የቴክኖሎጂ ተቋማት ከባንጋሎሩ የሳይንስ ተቋም ጋር ሆነው ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የገዛ መምህሮቻቸውን መቅዳት ስለጀመሩ ነው። ያኔ የእነሱም ሰዎች አሜሪካ ያለው ይበቃናል ማለት ይችሉ ነበር።

ስለ መሳለቂያና መክሰሻ የጻፉትን ሳነብ ቆም ብያለሁ። እዚህ ላይ የምከራከርዎት በግማሹ ብቻ ነው። ከአንድ ሰዓት ትምህርት ውስጥ 20 ሰከንድ ተቆርጣ ቲክቶክ ላይ ስትወጣ ምን ልትመስል እንደምትችል አውቃለሁ። አንድ መምህር የተናገረው ተራ ምሳሌ በዚህ ጊዜ ምን ሊያስከትልበት እንደሚችልም አውቃለሁ። የተማሪም ጉዳይ አለ፤ ጥያቄ የጠየቀች ልጅ ድምጿ በማታውቀው ስልክ ሁሉ ላይ እንዲዞር አልፈቀደችም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አደርጋለሁ። ሴሚስተሩ ሲጀምር ቅጂ እንደሚኖር ለክፍሉ እነግራለሁ፤ የማይፈልግ ካለ ለብቻው ይነግረኛል። ካሜራው ሰሌዳውን እንጂ ተማሪውን አያይም። ተማሪ ሲጠይቅ ጥያቄውን በራሴ ድምፅ እደግመዋለሁ፣ ከዚያ የእሱን ድምፅ ቆርጬ አወጣለሁ። ስም የተጠራበት ቦታ ሁሉ ይወጣል። ቅጂው የሚቀመጠው በግል ቻናል ነው፣ የሚገባውም የክፍሉ ተማሪ ብቻ። ከዚያ ወጥቶ እንደማይሰራጭ ዋስትና አልሰጥዎትም፤ እጅ ላይ የገባ ፋይል እግር አለው። ግን ሙሉው ቅጂ በእጄ መኖሩ ራሱ ይጠብቀኛል። አንድ ጊዜ ተማሪ በድብቅ የቀዳው ቁራጭ ሌላ ነገር ያልኩ አስመስሎ ሲዞር፣ ሙሉውን አቅርቤ ነው የተረፍኩት። ያላወቅነው ስልክ ክፍላችን ውስጥ ዛሬም እየቀዳ ነው ጋሼ። ካሜራውን አስወጡት ብንል የሚወጣው የእኛው ብቻ ነው።

መቅዳት ለማይፈልግ መምህር ግን ግዴታ መሆን የለበትም። ከጽሑፍዎ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነጥለው ቢያቀርቧት አብሬዎት እፈርማለሁ። የቅጂው ባለቤት ማን ነው፣ መምህሩ ሲለቅ ምን ይሆናል፣ ተቋሙ ያለ እሱ ፈቃድ ሊሸጠው ይችላል ወይ፤ ይህ ሁሉ ከመቀዳቱ በፊት በጽሑፍ ውል መግባት አለበት። የቅጂ መብት አዋጁ 410/1996 ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው፤ እኛ ግን እስካሁን በቃል ነው የምንሠራው።

በመጨረሻ ያነሡት የቦሩ ሜዳን የቤተ ክህነት ትምህርት ቤትና የዳናን የእስልምና ትምህርት ቤት ነገር ነው። ወሎ ውስጥ መምህር አካለወልድ ያስተማሩበት፣ ደረሳው ከየአገሩ ስንቁን ይዞ የመጣበት ትምህርት ያለ ካሜራ ፊት ለፊት የተሰጠ ነው ብለዋል። ልክ ነው። ግን በዚያ ትምህርት ቤት ስንት ጊዜ ነው አንድ ነገር የሚባለው? ደረሳው ለሸሁ እስኪያጠራው ድረስ ደጋግሞ ያሰማል። የቆሎ ተማሪው የኔታ ያሉትን ቀን ይማራል፣ ሌሊት ይቀጽላል፣ ጠዋት ተመልሶ ይሰማል። በቋንቋችን ዳዊት «መድገም» ማለት መጸለይ ሆኖ የቀረው በከንቱ አይደለም። የኔታ ለአንድ ተማሪ አሥር ጊዜ ይሉለታል። እኔ 60 ተማሪ ይዤ በ50 ደቂቃ አንድ ጊዜ ተናግሬ እወጣለሁ። ካሜራው ያጠፋው የሚመስልዎትን ነገር ያጠፋው የክፍሉ ብዛትና የሰዓቱ ማነስ ነው፤ ቅጂው ያንን መደጋገም በትንሹም ቢሆን ይመልሳል።

ሳልነግርዎት የቆየሁት አንድ ነገር አለ። በ2004 ዓ.ም. የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ስለ ካንቲሊቨር፣ በአንድ ጫፉ ብቻ ተይዞ ስለሚወጣ አግዳሚ፣ ያስተማሩንን ትምህርት በኖኪያ ስልኬ ቀድቼዋለሁ። አላስፈቀድኩዎትም። ፋይሉ 5 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም፤ ከስልክ ወደ ፍላሽ፣ ከፍላሽ ወደ ላፕቶፕ እየተሻገረ እስከ ዛሬ አለ። በ2014 ቢሮዎ ውስጥ የነበሩት በእጅዎ የጻፏቸው ማስታወሻዎች እንደጠፉ ሲነግሩን ላወጣው አስቤ ነበር፣ አፈርኩ። ድምፁ ይሻክራል፣ ከኋላ ወንበር ይንቀሳቀሳል። መሃል ላይ አንድ ልጅ አስነሥተው ክንዱን እንዲዘረጋ ያደርጉታል። መዳፍህ ላይ ውሃ የሞላ ባልዲ ሰቅዬልሃለሁ፣ የት ነው የሚያምህ ይሉታል። ትከሻዬን ይላል። በረንዳውንም የሚያመው እዚያው ሥሩ ላይ ነው ይላሉ፤ ከላይ በኩል ነው የሚሳበው፣ ብረቱን ከላይ እሰርለት፣ ከታች ያሰርክ ዕለት ይወድቅብሃል።

ይህን ትምህርት ከማስተማሬ በፊት በየዓመቱ እሰማዋለሁ። ለተማሪዎቼ ግን ሰጥቼ አላውቅም፤ ድምፁ የእርስዎ ነው። ሰኞ በፍላሽ አድርጌ አመጣልዎታለሁ። ሰምተውት ከፈቀዱ ለዘንድሮዎቹ የሁለተኛ ዓመት ልጆች አካፍላቸዋለሁ። ካልፈቀዱም ቅጂዬን አጠፋለሁ፣ ፍላሹ እርስዎ ጋ ይቀራል።